የእትብቱ ደም ለማን?

ይህን የምጽፈው ሆዷን ደግፋ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተራዋን ለምትጠብቅ ሴት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ካራ አካባቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ሥራዬ ፊደል ማስቆጠርና የልጆች አፍንጫ መጥረግ ነው። ስሜ መዓዛ ይባላል። በሁለተኛው እርግዝናዬ የደረሰብኝን አንዷን እንኳ በጊዜ ወደ ሐኪም ቢልክልኝ ብዬ እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በአምስተኛው ወር ነው የጀመረኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። በመጀመሪያው እርግዝናዬም ትንሽ ትንሽ ይደማ ስለነበር ግድ አልሰጠሁትም። ቀጥሎ ድካሙ መጣ። ልጆቹን እያዘመርኩ መሀል ላይ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ደረጃ ስወጣ የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ከዚያ ክንዴና ጭኔ ላይ የት እንደተመታሁ የማላውቃቸው ሰማያዊ ምልክቶች ወጡ።

መጀመሪያ ያየችው የአራት ዓመቷ ልጄ ናት። እጅጌዬን ሰብስቤ ገላዋን እያጠብኳት ነበር።

«እማዬ፣ ማን መታሽ?»

«ማንም አልመታኝም የኔ ቆንጆ።»

«ታዲያ ለምን ጠቆረ?»

እጅጌዬን መልሼ ወደ ታች ሳብኩ። በማግስቱ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ወደ ዕቃ ክፍል ጎትታ አስገባችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጌታሁን ነው?» አለችኝ። ጌታሁን ባለቤቴ ነው፤ ኮተቤ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት እየበየደ ይሸጣል። እንኳን እኔን ሊመታ፣ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው። ሳቅኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በባሌ ላይ ክፉ እንዳያስብ ብዬ በሙቀትም ሹራብ መልበስ ጀመርኩ።

ያ ሹራብ ብዙ ጎዳኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ አዋላጇ ነርስ የዓይኔን ሽፋን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ደም ማነስ አለብሽ፤ የእርግዝና ነው» ብላ የአይረን እንክብል ሰጠችኝ። ክንዴን አላሳየኋትም። ትኩሳት ሲጀምረኝ ጉርድ ሾላ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ወጣት ሐኪም ጣቴን አስወግቶ ውጤቱን ተመለከተና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ አሉብህ ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። መድኃኒቱን ጨረስኩት። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ተወኝና ተመለሰ። ድዴ ግን መድማቱን አላቆመም፤ ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ የደም ነጠብጣብ አገኝ ነበር።

የጌታሁን እናት እማማ ዘነበች ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ጫካ ግርጌ ይኖራሉ። ቤታችን መጥተው ሲያዩኝ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የሐኪም ብቻ አይደለም። ነገ ጠበል እወስድሻለሁ።»

እኔም እምነቴ ነውና በደስታ ሄድኩ። ማለዳ ነበር፤ የእንጦጦ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሰልፉ ውስጥ እንደቆምኩ አፍንጫዬ ሞቀኝ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ቀይ ነው። ጫን ብዬ ያዝኩት። አልቆመም። ጫፉ ራሰ፤ ሌላውን ጫፍ አጠፍኩ፤ እሱም ራሰ። ሰው ከፊቴ ገለል ማለት ጀመረ። እማማ ዘነበች ስመ እግዚአብሔር እየጠሩ ቀዝቃዛ ውኃ ማጅራቴ ላይ ቢያፈሱም ደሙ በጉሮሮዬ በኩል ወደ ውስጥ ይወርድ ጀመር። ልውጠው አልኩና አስመለሰኝ።

የሚያጠምቁት ካህን መስቀላቸውን እንደያዙ መጥተው ትክ ብለው አዩኝ።

«ስንተኛ ወርሽ ነው ልጄ?»

«ስድስተኛዬን ጀምሬያለሁ አባ።»

ወደ እማማ ዘነበች ዞሩ። «እናቴ፣ ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው። ዛሬውኑ ይዘዋት ይውረዱ። ጠበሉ የትም አይሄድም።» ከዚያ መኪና ይዞ የመጣ አንድ ምዕመን ጠርተው እስከ ሆስፒታል እንዲያደርሰን አዘዙት። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ወንበሩን በደም አበላሽቼበት አንድ ቃል አልተናገረም።

ድንገተኛ ክፍል አፍንጫዬን በፋሻ ወትፈው ደሙን አቆሙትና ለምርመራ ደም ቀዱኝ። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው መጡ፤ ማሽኑ የተሳሳተ መስሏቸው እንደገና ቀዱኝ። ማሽኑ ግን አልተሳሳተም። ጌታሁን የብየዳ ልብሱን እንደለበሰ ሮጦ ሲደርስ ነርሷ «ባለቤትዎን ከአልጋ እንዳያስነሷት፤ እንዳትወድቅ» ስትለው ሰማሁ። መውደቅ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ዶክተር ሩት የምትባል የደም ሐኪም በነጋታው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከብዙ ሐኪሞች ተቀምጣ ያናገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

«መዓዛ፣ ደማችን ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ቀዩ ጉልበት ይሰጠናል፣ ነጩ ከበሽታ ይከላከልልናል፣ ሦስተኛው ፕላትሌት ይባላል፤ ስንቆረጥ ደሙን የሚያረጋው እሱ ነው። ያንቺ ሦስቱም ወርደዋል። ፕላትሌቱ ደግሞ በጣም።»

«ለምን?»

«እሱን ለማወቅ ከዳሌ አጥንትሽ መቅኔ መውሰድ አለብኝ።»

መርፌው ሲገባ ጌታሁን እጄን ይዞኝ ነበር፤ የጨበጥኩት ቦታ በኋላ ከእኔ ክንድ የባሰ ጠቆረ። ውጤቱን የጠበቅንባቸውን ቀናት ማስታወስ አልወድም። አጠገቤ የተኛችው ሴት በስልኳ መዝሙር ከፍታ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ሆዴ ላይ እጄን አድርጌ ፅንሱ ሲራገጥ እቆጥራለሁ፤ ዝም ሲል ትንፋሼን እይዛለሁ።

ውጤቱ ካንሰር አልነበረም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ዶክተር ሩት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ካንሰር አይደለም፤ ቀላልም አይደለም። መቅኔሽ ደም የሚበቅልበት ማሳ ነው በይ። ማሳው ጦም አድሯል።» የበሽታውን ስም ነገረችን፤ አፕላስቲክ አኒሚያ ይባላል። አንዳንዴ በእርግዝና ወቅት የሚመጣ ዓይነት እንዳለ፣ ጠንካራው መድኃኒት ለፅንሱ እንደማይሆን፣ እስክወልድ ድረስ ደምና ፕላትሌት እየሰጡ እንደሚያቆዩኝ አስረዳችን።

«ከዚያስ?» አለ ጌታሁን።

«ከወለደች በኋላ መቅኔው ራሱ የሚነቃበት ጊዜ አለ። ቃል ግን አልገባም። ካልነቃ በመድኃኒት እንሞክራለን። እሱም እንቢ ካለ መቅኔ የሚገጥማት ሰው ተፈልጎ ውጭ አገር ሄዳ ትታከማለች።»

«ወንድም፣ እህት አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለኝም። ለእናቴ አንድ ነኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ በቀጠሮ እየተመላለስኩ ደም መውሰድ ጀመርኩ። የእትብት ደም የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ከእነዚህ ቀጠሮዎች በአንዱ፣ በነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍል በር ላይ ስጠብቅ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪ መጣችና ለመመረቂያዋ ጥናት እየሠራች እንደሆነ ነግራ ሁላችንንም ጠየቀችን።

«ስለ እትብት ደም ማስቀመጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

እርስ በርስ ተያየን። መገናኛ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ደልደል ያለች ሴት «የምን ደም?» አለች።

«ልጁ ከተወለደ በኋላ እትብቱና እንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀር ደም አለ። ለሌላ ደም ዘር የሚሆኑ ሕዋሳት አሉበት። በሌላ አገር ቀድተው በበረዶ ያስቀምጡትና አንዳንድ የደም በሽታ ያለበትን ሰው ያክሙበታል። እዚህ ገና አልተለመደም። እናቶች ያውቁታል ወይ፣ ቢኖርስ ይፈልጉታል ወይ የሚለውን ነው የማጠናው።»

«እትብት ይቀበራል እንጂ ይቀመጣል እንዴ?» አለች ጥግ ያለችው።

«ባይሆን ወስደው ሊቸበችቡት ነው» አለች ልብስ ሻጯ። «እኛ ነጻ ነው እንባላለን፣ እነሱ በዶላር ይሸጡታል።»

«ዱባይ ያለችው እህቴ አስቀምጣለች፤ ሪስክ አልወስድም ብላ» አለች ስልኳን የምትነካካ ወጣት። «እኔም ዕድሉ ቢኖረኝ አስቀምጥ ነበር።»

«ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ከሆነ እኔ እሰጣለሁ፤ ሊጣል አይደል?» አለች ሌላዋ፣ እስካሁን አንድም ቃል ያልተናገረችው።

ሁሉም ሳቀ፣ ተከራከረ። እኔ አልሳቅኩም። «መቅኔው ደም መሥራት ያቆመ ሰውም ይድንበታል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ተማሪዋ ፊቴን አየችና ተጠነቀቀች። «ከሚታከሙበት አንዱ ነው ብለን ተምረናል። ግን ለአንቺ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ሐኪምሽን ጠይቂ።»

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰማሁ። ሁለተኛውን ጆሮዬ አላስገባም አለ። ሆዴን አቅፌ ስወጣ መድኃኒቴን በሆዴ ይዤ የምዞር መስሎኝ ነበር።

ለጌታሁን ነገርኩት። ስልኩን ይዞ ሲፈልግ ቆየና ለውጭ ድርጅት ወኪል ሆኖ የሚሠራ አንድ ቢሮ አገኘ። አብረን ሄድን። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ወጣት ሶፋ ላይ አስቀምጦ ውኃ አቀረበልን።

«ይሄ የሕይወት ኢንሹራንስ ማለት ነው እመቤቴ። ለልጅዎም፣ ለእርስዎም፣ ለመላው ቤተሰብም ይሆናል።»

«እሷን ያድናታል?» አለ ጌታሁን።

«ቴክኖሎጂው በየቀኑ እያደገ ነው» አለ ሰውየው። ያኔ «አዎ» ያለን መስሎን ነበር። ዛሬ ሳስበው አዎም አይደለምም አላለም።

ጌታሁን የብየዳ ማሽኖቹን ሊሸጥ ወሰነ። ቀብዱን ከፍሎ፣ መቅጃ መርፌና ከረጢት ያለበትን ሣጥን ይዞ ቤት ገባ። እማማ ዘነበች እኔን ሊያስታምሙ ከእኛ ጋር ነበሩ። ሣጥኑ ምን እንደሆነ ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የልጅህን እትብት ባሕር ልታሻግረው?»

«እትብቱን አይደለም እማዬ፣ ውስጡ ያለውን ደም ነው።»

«ደሙ ያለ እትብቱ ይሄዳል? ነገ አድጎ አገርህ የት ነው፣ እትብትህ የት ተቀበረ ሲሉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ሊል ነው?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ጌታሁን ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «መዓዛ ስትሞት መሬት ውስጥ ያለ እትብት ምን ያደርግልኛል?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ቃል ማናችንም ከአፋችን አላወጣነውም ነበር። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ጌታሁን ተከትሎ ሊመልሳቸው አልሞከረም። እኔ ተነሥቼ ልከተላቸው ብል ከበሩ ማለፍ አቃተኝ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታክሲው ሲወርዱ አየኋቸው፤ ዞር ብለው አላዩኝም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሣጥኑን ይዘን ዶክተር ሩት ጋ ገባን። አልተቆጣችም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች።

«እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ስሙኝ። የልጅሽ ደም ግማሹ የአባቱ ነው፤ ካንቺ ጋር ሙሉ ለሙሉ አይገጥምም። መጠኑም ጥቂት ነው፤ ለሕፃን የሚበቃው ለትልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ አይበቃም። ለታመመ እህት ወይም ወንድም ጠቅሞ ያውቃል። ላንቺ ግን ተስፋዬን እዚያ ላይ አልጥልም።»

«ፈጽሞ አይሆንም ማለትዎ ነው?» አለ ጌታሁን።

«ፈጽሞ ብዬ አልምልም።»

«እንግዲያው አለ ማለት ነው።»

ሐኪሟ ከእሱ ጋር መከራከሩን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «የባለቤትሽ እናት ስለ እትብቱ ተቀይመዋል አልሽኝ? የሚቀብሩት እኮ ልጁ ላይ ቀርቶ፣ ደርቆ የሚወድቀውን ነው። እሱን ማንም አይነካባቸውም። ደሙ የሚቀዳው ከእንግዴ ልጁ ጋር ከሚወጣው፣ ሁልጊዜም ከሚጣለው ወገን ነው።»

ጌታሁንና እኔ ተያየን። ቤት ያፈረሰ ጠብ ተጣልተን፣ ማንም ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገረን አልነበረም።

ምጡ የመጣው ሳይታሰብ በስምንተኛው ወር፣ ደም ልወስድ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ነው። የሰባት ወር ይኖራል፣ የስምንት ወር አይኖርም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ለነርሷ ስነግራት «ያ ድሮ ነው እህቴ» አለችኝ፤ እጇ ግን የደሙን ቱቦዎች ስታገናኝ ፈጠነ። ፕላትሌቴ ዝቅተኛ ስለነበር በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምናም አደገኛ ነው። በምጥ መውለድ አለብኝ። ፕላትሌት ደግሞ እንደ ሌላው ደም አይቆይም፤ ከተለገሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። ሰጪ ሰው ያስፈልጋል፣ አሁኑኑ።

ጌታሁን በስልክ የሚያውቀውን ሁሉ ጠራ። በመጨረሻም እናቱ ጋ ደወለ። ከተጣሉ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

እማማ ዘነበች ብቻቸውን መጡና ክንዳቸውን ዘረጉ። ደም የሚቀዳው ልጅ ዕድሜያቸውን ጠይቆ «ዕድሜዎ አይፈቅድም እናቴ» አላቸው።

«ደሜ አረጀ ነው የምትለኝ?»

«ሕጉ ነው እናቴ።»

እጅጌያቸውን መልሰው ወጥተው ሄዱ። በኋላ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው አስታማሚ «ኧረ እነዚህ የማን ሰዎች ናቸው?» ስትል ሰማሁ። የእማማ ዘነበች ዕድርተኞች ነበሩ። ከዳገቱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ የወረዱ ጎልማሶች፣ የሱቅ ባለቤት፣ ሁለት ዲያቆናት፣ ለቀብር ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶች። ዕድር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። ያን ቀን ሳልሞት መጡልኝ።

ምጡን አልዘረዝረውም፤ የወለደች ታውቀዋለች። ልዩነቱ፣ ባማጥኩ ቁጥር አንጎሌ ውስጥ ደም እንዳይፈስ እፈራ ነበር፤ ሐኪሞቹም ፈርተዋል፤ ከዓይናቸው ያስታውቃል። የሚያዋልደኝ ሐኪም አጭር፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ከረጢቱ ተዘጋጅቶ ጎኑ ተቀምጧል። ጌታሁን እንዳትረሱ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል።

ልጁ ወጣ። ወንድ ነው አሉ። አላለቀሰም። ነጣ ብሏል፣ ቀጥኗል፤ ሆዴ ላይ አስቀመጡት። እትብቱ ገና ከእኔ ጋር አያይዞታል፤ ወፍራም ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ይመታል። በዓይኔ አየሁት፤ እንደ ልብ ይመታል።

«መዓዛ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለኝ ሐኪሙ። «አሁኑኑ ከቆረጥኩት ለከረጢቱ የሚሆን ደም ይገኛል። ትንሽ ብቆይ ደሙ ወደ ልጁ ይገባል። ያለጊዜው የመጣ ነው፣ ለእሱ ይጠቅመዋል። ሁለቱንም ማድረግ አልችልም። ምን ላድርግ?»

ዶክተር ሩት ያለችኝን አስታወስኩ ብል እውነት አይሆንም። ምንም አላስታወስኩም። ያየሁት የልጄን ነጭ ከንፈር ብቻ ነው።

«ለእሱ» አልኩ። «ለእሱ ይግባ።»

ሐኪሙ እጁን ከመቁረጫው ላይ አነሣ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ደረቱን በፎጣ ያሹታል። እትብቱ መታ፣ መታ፣ እየደከመ መጣ። ከዚያ የልጁ ከንፈር ቀላ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ አወጣ። ነርሷ እልል አለች፤ ወዲያው ግን አቋረጠች፤ ከእኔ የሚወርደውን ደም አይታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማውቀው። «ፕላትሌት አምጡ!» የሚል ድምፅ፤ ከላዬ የሚሰቀል ቢጫ ከረጢት፤ ከዚያ ሌላ፤ ማሕፀኔን የሚጫን ጠንካራ እጅ፤ ብርድ፤ ጥርሴ ሲገጫጭ። ልጄን ማን ያጠባዋል ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር፤ ዶክተር ሩት አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል።

ጌታሁን ሲገባ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ሣጥኑ ባዶ ነው አሉኝ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ያንን ለማግኘት ምን ያህል እንደለፋሁ እያወቅሽ?»

«አውቃለሁ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ። ልጁ ወደ ተኛበት ማሞቂያ ክፍል እንደሄደ በኋላ ነው ያወቅኩት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጣቴን ያዘኝ» አለኝ። «ይሄን የምታህል እጅ ናት ያለችው፣ ጣቴን ግን አልለቅም አለች።»

«አሁንም ተቆጥተሃል?»

«አዎ። እስክትድኚ እቆጣለሁ።»

ሳምንታት አለፉ። ልጃችን ክብደት ጨምሮ ወደ ቤት ገባ፤ እኔ ግን እየተመላለስኩ ደም መውሰዴን ቀጠልኩ። ጎረቤቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይለኛል፤ እኔ ገና እንዳልማረችኝ አውቃለሁ። በተለይ ሲመሽ ይብስብኛል፤ ልጄን ደረቴ ላይ አቅፌ ብደማበትስ ብዬ ለጌታሁን እመልስለታለሁ። እማማ ዘነበች አንድም ቀን ስለዚያ ጠብ አላነሡም። የልጁ እትብት ደርቆ ሲወድቅ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወስደው ከቤታቸው ጓሮ ቀበሩት፤ ተመልሰው «አገሩን አግኝቷል» አሉ፣ ያንን ብቻ። ወኪሉም ደውሎ ከረጢቱ አለመሞላቱን ሲሰማ በትሕትና «ለሚቀጥለው ልጅዎ እንጠብቅዎታለን» አለኝ።

ከዚያ ደም የምወስድበት ጊዜ እየራቀ መጣ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። አንድ ቀን ዶክተር ሩት የውጤቱን ወረቀት ይዛ ገባችና ቆማ ቀረች።

«ምነው ዶክተር?» አልኳት።

«ይሄን ቁጥር እኛ አልሰጠንሽም» አለችኝ። «የራስሽ ነው። መቅኔሽ ነቅቷል።»

ጌታሁን ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እኔ የሞትኩበት መስሏቸው አብረውት አለቀሱ። እኔ ከኋላው ወጥቼ በእግሬ ቆሜ ሲያዩኝ ግራ ገባቸው።

ለእናንተ የምላችሁ ይሄን ነው። ድዳችሁ ዝም ብሎ ከደማ፣ ሳትመቱ ከጠቆራችሁ፣ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ «የእርግዝና ነው» ብላችሁ እቤት አትቀመጡ። ስለ እትብት ደም ስትሰሙ አትሽሹት፣ እንደ እኔም ነፍሳችሁን አትጣሉበት። ለአንዳንድ በሽተኛ በእርግጥ መድኃኒት ነው፤ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት የሚለውን ግን ሻጩን ሳይሆን የሚያክማችሁን ሐኪም ጠይቁ። ሳይመሽ ጠይቁ፤ ቤተሰባችሁም አብሮ ይስማ። አንድ ቀን እዚህ አገር እናቶች የሚለግሱበት ቦታ ከተከፈተ፣ ልጃቸው ጤነኛና በጊዜው የተወለደ እናቶች ለማያውቁት በሽተኛ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። ያ በሽተኛ እኔ ልሆን እችል ነበር።

ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ለልጆቹ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ ስቆርጥ ጣቴን ነካሁት። ቀይ ጠብታ ወጣ። ደነገጥኩና ባለሁበት ቆምኩ።

«ቲቸር፣ ደማሽ!» አሉና ከበቡኝ። አንዷ ሶፍት አምጥታ ዘረጋችልኝ፤ አልተቀበልኳትም። ጣቴን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ ማየት ቀጠልኩ። ጠብታው አደገ፣ አደገ፣ ሊወርድ ነው ስል ባለበት ረጋ። ጠርዙ ጠቆር አለ። ልጆቹም አብረውኝ ያያሉ።

«ቆመ» አለች ሶፍት የያዘችው።

«አዎ» አልኳት። «ቆመ።»